ቴስታው ከመፈታቱ በፊት የራዲያተሩ ክዳን ይታይ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የምታወጡትን ጽሑፍ እከታተላለሁ። ጥሩ ሥራ ነው፣ ቀጥሉበት። ነገር ግን ጠዋት ከጎሮ ወደ መገናኛ ስሄድ ሰልፉ ውስጥ ዙሪያዬን አያለሁ። ፊቴ ቪትዝ፣ ጎኔ ቪትዝ፣ በመስታወት ወደ ኋላ ባይ ሌላ ቪትዝ። ልጆች ዩኒፎርም ለብሰው ከኋላ ተቀምጠዋል፣ አያት ከፊት፣ የምሳ ዕቃው ከመቀመጫው ሥር። ስለ እነዚህ መኪኖች ገበያው ላይ የሚወራው ዋጋቸው ብቻ ነው። እንዴት እንደሚያዙ፣ ምን እንደሚያማቸው፣ የትኛው ሕመም ቀላል የትኛው ከባድ እንደሆነ የሚነግረን የለም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚህ ነው።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። መኪናችን የ2001 ሞዴል፣ ባለ አንድ ሊትር ሞተር ቪትዝ ናት። በዕቁብ ብርና በባለቤቴ ቁጠባ ነው የገዛናት። ሁለት ልጆች፣ የባለቤቴ እናት፣ እኔና እሱ በእሷ እንኖራለን ማለት ይቻላል። የኋላ መቀመጫዋ ሲታጠፍ አንድ ኩንታል ጤፍ ትጭናለች። ለቤተሰብ ከዚህ የተሻለ ነገር አልመኝም።

ቪትዝ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። አውሮፓ ያሪስ በሚል ስም ተቀበላት፣ በ2000 ደግሞ የዓመቱ መኪና ብሎ መረጣት። የያኔዎቹ መኪኖች ዛሬ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እኛ አገር ግን ገና ብዙ መሥራት አለባቸው። በእኛ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። የከተማውን አየር ሳስብ ክልከላውን አልቃወምም። ነገር ግን አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት የማይችል ቤተሰብ አሁን የያዛትን መኪና ማቆየት አለበት። ስለዚህ ጋራዥ ውስጥ በግምት የሚፈታ እያንዳንዱ ብሎን ያሳስበኛል።

ዋናው ጉዳዬ የራዲያተር ክዳን ነው። ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፣ አይደለም።

አንድ ቅዳሜ ወደ ደብረ ብርሃን ስንሄድ ሸኖን እንዳለፍን የሙቀቱ ቀይ መብራት በራ። ቆምን፣ ሞተሩን አጠፋን፣ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። ውሃ ጨምረን ቀስ ብለን ወደ አዲስ አበባ ተመለስን። ሰኞ ዕለት አንድ ጋራዥ ወሰድናት። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ትንሽ ካየ በኋላ፣ «ቲቸር፣ ቴስታው ተበላሽቷል። ፈትተን ማስላጨት ነው፣ ጋርኒሲዮኑም ይቀየራል» አለኝ (ቴስታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ጋርኒሲዮን ደግሞ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ነው)። በምን አወቅክ ብለው፣ «ቪትዝ ከሞቀች ሌላ ነገር የለውም» አለ። ግፊት አልለካም። ዘይቱ ውስጥ ውሃ መግባቱን አላየም። ክዳኑን በእጁ እንኳ አልነካም።

ባለቤቴ አልተስማማም። ሰፈራችን ውስጥ ጡረታ የወጡ አንድ መካኒክ አሉ። መኪናዋን ደጃቸው ድረስ ወሰድንላቸው። ጋሼ ሞተሩ በደንብ መቀዝቀዙን በእጃቸው አረጋግጠው መጀመሪያ ያደረጉት ክዳኑን መክፈት ነበር። ከሥሩ ያለውን ላስቲክ በጣታቸው ጫን ሲሉት ተሰነጠቀ። ደርቆ እንጨት ሆኗል። «ይሄ ግፊት አይዝም» አሉ። የዘይቱን መለኪያ አወጡ፣ ዘይቱ ንጹሕ ነው፣ ውሃ ሲገባበት እንደሚሆነው ወተት የመሰለ ነገር የለውም። ክዳኑን ቀየርን፣ ራዲያተሩን አጠብን፣ ውሃውን በኩላንት ተካን። ከዚያ ወዲህ ያው መንገድ ላይ ቀይ መብራት አላየንም። ቴስታው ዛሬም አልተፈታም።

ይህ ለምን እንደሚሆን ልናገር፣ ምክንያቱም ክፍል ውስጥ በየዓመቱ የማስተምረው ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል የሚባለው በባሕር ጠለል ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሸኖና ደብረ ብርሃን ከዚህም ከፍ ስለሚሉ ከዚያ ባነሰ ሙቀት ይፈላል። የመኪና ሞተር ደግሞ ጤነኛ ሆኖ ሲሠራ ሙቀቱ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ግፊት የማይዝ ክዳን ያለው መኪና እኛ ከተማ ውስጥ ምንም ሳይበላሽበት ሊፈላ ምንም አይቀረውም ማለት ነው። ደህና ክዳን ግን ልክ ባቄላ እንደምንቀቅልበት ፕሬሸር ኩከር ግፊቱን አምቆ ይይዛል፣ የሚፈላበትንም ሙቀት ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ምጽዋ ወይም ጅቡቲ ወደብ ላይ ያለ ሹፌር የደከመ ክዳን ይዞ ትንሽ ይታገስ ይሆናል። ደጋ ላይ ያለን እኛ ግን ያን ፋታ የለንም። ስለዚህ ሞቀችብኝ ያለ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ክዳኑን ያሳይ። ላስቲኩ ተሰንጥቋል? ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የላይኛው የራዲያተር ጎማ ተጨምድዶ ይጣበቃል? የትርፍ ውሃው ዕቃ እየሞላ ይፈሳል? ይህን ለማየት መፍቻ አያስፈልግም። ሞተሩ ትኩስ እያለ ግን ክዳኑን ማንም እንዳይከፍት አደራ እላለሁ። እንፋሎቱ ፊት ይልጣል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላ መጥፎ ልማድ አለ። ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል ነው። «እዚህ አገር አያስፈልግም፣ ያሞቃታል» ይባላል። እውነቱ ሌላ ነው። ቴርሞስታቱ 80 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ውሃውን ይዞ ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ የሚያደርግ ዕቃ ነው። ሲወጣ ሞተሩ በአዲስ አበባ ብርድ ለረጅም ጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ ይሠራል። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ተጨማሪ ቤንዚን ይረጫል። ብዙዎቻችን የቪትዝ ሰሌዳ ላይ የሙቀት መለኪያ ቀስት የለንም። ያለን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የሚበራ ሰማያዊ መብራትና ሲሞቅ የሚበራ ቀይ ብቻ ነው። ከቤታችሁ ተነሥታችሁ ሥራ ቦታ እስክትደርሱ ሰማያዊው የማይጠፋ ከሆነ፣ ምናልባት የቀድሞው ባለቤት ወይም አንድ ጋራዥ ቴርሞስታቱን አውጥቶታል። «ቪትዜ ቤንዚን ትበላለች» የሚል ሰው ሳገኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው። የቤንዚን ዋጋ እንዲህ በየጊዜው በሚጨምርበት ዘመን ይህ ቀልድ አይደለም።

ስለ ሰሌዳው ካነሣሁ አይቀር፣ መሐል ላይ ያለው ዲጂታል ሰሌዳ የሚጠፋባቸው ብዙ ሰዎች አሉ። አንዳንዴ ጠዋት በብርዱ ይጠፋና ቀትር ላይ ይመለሳል። አንዳንዴ ዳሽቦርዱን መታ ሲያደርጉት ይበራል። ፍጥነት አይታይም፣ የነዳጅ መጠን አይታይም። ጋራዥ ስትሄዱ «ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ሙሉውን ግዙ» ትባላላችሁ። ብዙውን ጊዜ ግን የሞተ ነገር የለም። ሰሌዳው ውስጥ ያለው ካርድ ላይ የተበየዱ ነጥቦች በሙቀትና በብርድ ብዛት ይሰነጠቃሉ። ቴሌቪዥንና ሬዲዮ የሚጠግን እጀ ሥል ባለሙያ እነዚያን ነጥቦች እንደገና በቆርቆሮ ይበይዳቸዋል፣ ነገሩ ያልቃል። የእኛን የሠራልን ልጅ ሱቁ አንድ ጠረጴዛ ብቻ ናት። ያገለገለ ሰሌዳ ገዝቶ መቀየር ሌላም ችግር አለው። የሌላ መኪና ኪሎ ሜትር ይዞ ይመጣል፣ ነገ መኪናዋን የሚገዛ ሰው እውነተኛውን አያውቅም።

ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ሲሠራ፣ ስለ መንቀጥቀጥም ትንሽ ልበል። የትራፊክ መብራት ላይ ቆማችሁ መሪው እጃችሁ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ኤሲ ስትከፍቱ ልትጠፋ ትደርሳለች። የከተማችን አቧራ የአየር ማጣሪያውን ያልፍና አየር የሚገባበት ቀዳዳ ላይ ከዘይት ጭስ ጋር ተጋግሮ ይቀመጣል። በስፕሬይ ሲጸዳ አብዛኛውን ጊዜ ይስተካከላል። ኢንጀክተር፣ ካንዴላ፣ ኮይል ሁሉ ከመቀየሩ በፊት ይህ ይሞከር። ካልሆነ የሞተሩ ማቀፊያ ላስቲኮች ይታዩ፣ ሲያረጁ ንዝረቱን ሁሉ ወደ ውስጥ ያሳልፋሉ።

ጉልበት አነሳት የሚለው ቅሬታ ግን የተለየ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ብልሽት አይደለም። የእኛ ዓይነት ባለ አንድ ሊትር ሞተር ፋብሪካው የሰጠው ጉልበት 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ያ ቁጥር የባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከዚያ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፣ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ አምስት ሰው ጭና ወደ እንጦጦ የምትወጣ ቪትዝ ሃምሳ ምናምን የፈረስ ጉልበት ይዛ ነው የምትታገለው። አላመመችም። ኤሲውን አጥፉላት፣ ማርሹን ቶሎ ቀንሱላት፣ ትወጣለች። በፍጥነት መንገዱ ወደ አዳማ ስትወርዱ ራሷን ችላ የምትፈጥነውም ቁልቁለት ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ አዳማ ላይ የተሻለ አየር ታገኛለች። ይህን የማያውቅ ሰው መኪናውን ከጋራዥ ጋራዥ ያዞራል፣ እያንዳንዱም አንድ ዕቃ ይቀይርለታል።

በዚህ መሐል አንድ ነገር በጣም ያናድደኛል። የሥራ ባልደረባዬ መኪናዋን ለዘይት ቅያሪ ወስዳ፣ «መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር አልፏል፣ የውስጥ ቺንጋው መቀየር አለበት» ተባለች። የቪትዝ ሞተር ውስጥ ቺንጋ የለም! በካቴና ነው የሚሠራው። ከውጭ የምታዩት ቺንጋ የዲናሞና የኤሲ ነው፣ እሱ ሲያረጅ ጠዋት ጠዋት ይጮኻል፣ ሥራውም ቀላል ነው። ካቴናው ዘይት በጊዜው ከተቀየረ ለረጅም ዓመት ያገለግላል። ባልደረባዬ ደውላ ስለጠየቀችኝ ዳነች። ያልጠየቁትስ?

ኮብልስቶን ላይ ከፊት በኩል ኳ ኳ የሚል ድምፅም የታወቀ ነው። ብዙ ጊዜ የአሞርዛተር ሳይሆን የቀጭኗ የማረጋጊያ ዘንግ ጫፍ ወይም የታችኛው ክንድ ቦኮላ (ላስቲኩ) ነው። እሱም በክሪክ ተነሥቶ በእጅ ሲነቀነቅ ይታወቃል። አሞርዛተር የሚቀየረው ዘይት ካፈሰሰ ወይም መኪናዋ ጉድጓድ ካለፈች በኋላ መዝለሏን ካልተወች ነው። ሌላው፣ ዝቅተኛ ናት ብሎ ሞላው መሐል ላስቲክ ማስገባት ነው። ፓራውልቱ ፍጥነት መቀነሻ ላይ እንዳይጋጭ ታስቦ እንደሆነ ይገባኛል። ግን የፊት ጎማ የሚያዞረው ዘንግ ከታሰበለት በላይ ይጣመማል፣ የላስቲክ ሽፋኑ ይቀደዳል፣ ግራሱ ይፈስሳል፣ አቧራ ይገባል። ከዚያ ስትታጠፉ ቀጭ ቀጭ ማለት ይጀምራል። ቀስ ብሎ ማለፍ ይሻላል።

ክረምት ሲገባ የኋላውን በር ተመልከቱ። ምንጣፉን አንሡና ትርፍ ጎማው የተቀመጠበትን ጎድጓዳ ዳሱ። ብዙ ቪትዞች ውስጥ በሐምሌ ውሃ ይጠራቀማል። ከኋላ መብራቶቹ ዙሪያ ካረጀው ላስቲክ ነው የሚገባው። ቤተሰቡ የሚያየው ግን ውሃውን ሳይሆን የመስታወቱን ጉም ነው። አምስት ሰው እየተነፈሰ፣ ከሥር እርጥብ ምንጣፍ እየተነነ፣ መስኮት ሁሉ ተዘግቶ መስታወቱ ለምን ጥርት ይላል? ውሃውን አድርቁ፣ ላስቲኩን ቀይሩ፣ ሲነዱም አየሩ ከውጭ እንዲገባ መቆጣጠሪያውን አዙሩት። ኤሲ ያለው ሰው በብርድም ቢሆን ይክፈተው፣ አየሩን ያደርቀዋል። በጨርቅ እየጠረጉ በዝናብ መንዳት ያስፈራኛል፣ በተለይ ልጆች ከትምህርት ቤት በሚወጡበት ሰዓት።

እዚያው በሩ ማጠፊያ ላይ ባለው ላስቲክ ውስጥ የሚያልፉት ሽቦዎች በር በከፈትን በዘጋን ቁጥር ይታጠፋሉ፣ ከዓመታት በኋላ ይበጠሳሉ። የታርጋ መብራት ይጠፋል፣ የኋላ መጥረጊያው አይሠራም። ለቦሎ ምርመራ ስትሄዱ ትመለሳላችሁ። አምፖል ደጋግሞ ከመቀየር ላስቲኩን ገልጦ ማየት ይበቃል። በሩን ደግፈው የሚይዙት ሁለት ዘንጎችም ሲደክሙ በሩ ጭንቅላት ላይ ይወድቃል። የባለቤቴን እናት አንድ ቀን ለጥቂት ነው የሳታቸው። ዱላ አስደግፎ መኖር ይብቃ፣ ይቀየሩ።

ስለ ስፖኪዮ ስርቆት ሁሉም ያውቃል፣ አላረዝምም። ያገለገለ ስፖኪዮ ስንገዛ ግን ከየት እንደመጣ እንጠይቅ።

አሁን ጥያቄዬን ላቅርብ። ጋራዦች ዕቃ ከመቀየራቸው በፊት ምክንያቱን ይንገሩን። «ምን አይታችሁ ነው?» ስንል መቆጣት አያስፈልግም። የተፈታው አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ ይመለስ፣ የተገጠመው አዲስ ይሁን ያገለገለ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ይህን የሚያደርጉ ቅን መካኒኮች እንዳሉ አውቃለሁ፣ ጋሼ አንዱ ናቸው። እነሱ ከግምት ሠራተኛው ተለይተው ቢታወቁ እነሱም እኛም እንጠቀማለን።

እናንተን የምጠይቀው ደግሞ በሳምንት አንዲት ዓምድ ነው። ልምድ ያላቸው መካኒኮችና የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አስተማሪዎች የአንባቢን ጥያቄ ይመልሱባት። የትኛው ድምፅ ምን እንደሆነ፣ መጀመሪያ ምን እንደሚታይ፣ ምን እንደማይነካ። የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች ከመምህራን ክፍላችን ሰብስቤ መላክ እችላለሁ። የሒሳብ አስተማሪያችን ያሪስ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ አልነሣም ትላለች። የባዮሎጂዋ መምህርት ደግሞ የፍሬን ፔዳሏ ጠዋት ጠዋት ለምን እንደሚጠነክር ማወቅ ትፈልጋለች። ለሁለቱም መልስ ይገኛል፣ የሚጠየቅ ሰው ከተገኘ።

ከአክብሮት ጋር፣
የፊዚክስ መምህርት
ጎሮ፣ አዲስ አበባ